ለአንድ ሰው የተነገረ

«ንብረቴ፣ የዚያ አገር ሰማይም ነጎድጓድ አለው ወይ? ካለው እንዳትሳቀቅ። እስከ አስራ አንድ ዓመትህ ድረስ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ምንጣፍ ስታረጥብ ማን ሰማብህ?» አለ አንዱ፣ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ፣ መዳፉን ጉንጩ ላይ ለጥፎ።

አየሁሽ የመኮትኮቻ እስር ታቅፋ ከጓዳ ወደ ሱቋ ልትወጣ መጋረጃው ጋ ደርሳ ነበር። እዚያው ቆመች። ሱቁ ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው፤ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረዱ፣ መተማ ዮሐንስን ከረገጡ ገና ሰዓት ያልሞላቸው ልጆች። ከሽንፋ በኩል ደመናው ጠቁሮ አንድ ሁለቴ አጉረምርሟል፤ ወሬውን ያመጣው እሱ መሆኑ ነው። ሌላው ልጅ፣ «አላወቅህበትም። ‹ማን ሰማብህ› ካለች በኋላ ዝም ትላለች። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ነው ‹እሰይ› የምትለው» ብሎ ሲያርመው አምስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንደኛው ሳቁ አላስቆም ብሎት የተደረደረው ጄሪካን ላይ ተደገፈና ጄሪካኑ በሙሉ ተንከባለለ።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ስም ይመሳሰላል የሚል ነበር። ንብረት የሚባል ስንት አለ፤ ነጎድጓድ የሚፈራ ልጅም እንደዚያው። አስራ አንድ ዓመት የሚለው ግን አላስኬዳትም። ይህን የሚያውቁ በምድር ላይ አራት ሰዎች ነበሩ። ባሏ ይርዳው ሞቷል። ልጇ ንብረት ራሱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አንዷ እሷ ናት፤ አራተኛዋ ሴት ልጇ ወንጌል። ቃሉን የተናገረችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለፈው መጋቢት፣ በሯን ዘግታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

ወጣችና እስሩን መሬት ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጄሪካኑን እየለቀሙ መደርደር ጀመሩ። ያ ድምፁን ያቀጠነው፣ ጀምበሩ ሲሉት ሰምታለች፣ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አንስቶ ከእግሩ ጋር እየለካ፣ «ስንት ነው እማማ?» አላት።

«ሰማንያ።»

ጀምበሩ ቀና አለ። ጫማውን እንደያዘ አፏን አፏን ያያት ጀመር። «በሰባ አይሆንም?» አለ፤ ነገሩ ዋጋው ያሳሰበው አይመስልም፣ እንድትናገር የፈለገ ይመስላል።

«ሰማንያ ነው። አጎበርም ያዙ። ያለ አጎበር እርሻ እንዳትገቡ፤ የዚህ አገር ትንኝ እንደ አገራችሁ አይደለም።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም አደረገው። አየሁሽ ይህን ሁሉ አየች። «አሁን ያልከውን ነገር የት ሰማኸው?» ስትል ጀምበሩ ፊቱ ቀላ፤ ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ የሚረዳው ሲያጣ፣ «ቀልድ እኮ ነው እማማ። ‹ይድረስ ለልጄ› ይባላል። ፌስቡክ ላይ ያለ ነው። እኛማ ገንዳ ውኃ ከተማ ስናድር ሚሞሪ አስሞላን፤ መንገዱን ሙሉ ስንሰማው ነው የመጣን። ባትሪዬ ሞቶ ነው እንጂ አሰማዎት ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ማፈርም እንደ መደሰትም እያደረገው፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አላት።

አየሁሽ ወደ ዕቃው ዞረች። ሦስት አጎበርና አምስት ጥንድ ጫማ ሸጠችላቸው፤ ለመኮትኮቻዎቹ የተለመደውን ቅናሽ አደረገችላቸው። ሲወጡ ጀምበሩ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እኔ ግን እናቴ ትዝ እያለችኝ ነው የምሰማው፤ ለማሾፍ አይደለም» አለ። የቀሩት ቀድመው ሄደዋል። እሱም መልስ ሳይጠብቅ ተከተላቸው።

አየሁሽ ፊደል አልቆጠረችም። ይርዳው ሱዳን በነበረባቸው ዓመታት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ በየቤቱ መዞር ስለሰለቻት ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች በጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ ትልክለት ነበር። ካሴት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። እንደ ደብዳቤው «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጠራል፤ ሰላምታው ከራስ ፀጉር ይነሣና ትከሻን፣ ወገብን፣ ጉልበትን በየተራ እየጠየቀ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ በግቢው ያለ ፍጥረት ሁሉ፣ ቀይዋ ፍየል ሳትቀር፣ ሰላም ይላል። አንድ ነገር ከተጠየቀ ደግሞ የሚሰማው ሰው ባለበት ሆኖ እንዲመልስ ዝም ተብሎ ይጠበቃል፤ መልሱ እንደተሰማ ሁሉ «እሰይ» ይባላል። ይርዳው በሕይወት ሳለ ነግሯታል። ገዳሪፍ ውስጥ፣ የእርሻ መኪና በሚያድርበት መጋዘን፣ ቴፑን ከፍቶ ጉልበትህ እንዴት ናት ስትለው፣ ዝም ባለችበት መሐል ድምፁን አውጥቶ «ደህና ናት» ይላት ነበር። ንብረት ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ጋራዥ ልሠራ ብሎ ወደዚያው ሲሻገር፣ በወንጌል ስልክ ድምፅ መላክ እንደሚቻል ስታውቅ ይህንኑ ቀጠለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንጌል ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋላታለች፤ በአውራ ጣቷ ተጭና ትይዛለች፤ እሷ ታወራለች። ሲያልቅ ወንጌል ጣቷን ታነሣና «ሄደ» ትላታለች። «ደረሰ?» ትላለች አየሁሽ። «ደረሰ።» እሱም መጀመሪያ መጀመሪያ በድምፅ ይመልስ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን በጽሑፍ ሆነ፣ ወንጌልም እያነበበች ትነግራታለች። በቀጥታ ስትደውልለት ዝግ ነው ይላታል። ጋራዡ ውስጥ ስልክ አይፈቅዱም፣ በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚገኘው፣ አለቻት ወንጌል። ይህም ልክ መሰላት።

ሱቁን ለመዝጋት ሰንሰለቱን ስትስብ ባየሽ ከጎን ካለው የሻይ ደጃፏ ተነሣች። ባየሽ ጎረቤቷ ብቻ አይደለችም፤ ይርዳው ሲሞት ሰባት ቀን አብራት የተኛች ናት። «በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?» አለቻት፤ አስከትላም፣ «ጉልበትሽስ? ጉልበትሽ እንዴት ናት የኔ እመቤት?» ብላ ፈገግ አለች። አየሁሽ ሰንሰለቱን እንደያዘች አየቻት። ይህን ሰላምታ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው? ባየሽ ብቻ አይደለችም። የባጃጁ ልጅ፣ «ትከሻሽ ደህና አደረች?» ይላታል። ጉምሩክ አጠገብ ብርቱካን የሚሸጠው ሰውዬ ስታልፍ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ስለ ወገቧ ይጠይቃታል። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ላስቲክ የሚያመጣላት ሱዳናዊው ነጋዴ ሳይቀር «ኬፍ ፍየል?»፣ ፍየሏስ እንዴት ናት፣ ብሎ በእጁ ቀንድ ሠርቶ ያሳያታል። ዘንድሮ የአገሬው ሰው አንጀቱ ራራ፣ ባል የሞተባትና ልጅ የራቀባት ሴት መሆኔን አስቦ ነው፣ ብላ በልቧ ስታመሰግን ከርማለች። ባለፈው እሑድ ለንብረት በላከችው ላይ ይህንኑ ነግራዋለች። «ሰው ደግ ሆኗል ልጄ፣ በእኔ አታስብ» ብላዋለች።

«ባየሽ» አለቻት፣ «አንችም ሰምተሽዋል?»

ባየሽ የሻይ ብርጭቆ መወልወያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ታውቂዋለሽ ብዬ ነው» አለች። «ወንጌል... እኔማ አንች ፈቅደሽ መስሎኝ። ሁላችንም።» አየሁሽ ሰንሰለቱን ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

የለይኩን ሞባይል ቤት የጭነት መኪኖች ወረፋ ከሚይዙበት መንገድ ዳር ነው። ቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ቻርጀር፣ የስልክ ልባስ፣ የሁለቱ አገር ሲም ካርድ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ፊልም፣ ቀልድ፣ እያንዳንዱ ከዋጋው ጋር። አየሁሽ ማንበብ ባትችልም ከጎናቸው ያለውን ቁጥር ታውቃለች፤ የመጨረሻው ከሁሉ ርካሽ ነው፣ አስር ብር። ለይኩን ከንብረት ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፤ አብረው ተምረዋል፣ ቤቷ በልቷል። ሲያያት ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ያንን ‹ይድረስ ለልጄ› የምትሉትን ክፈትልኝ» አለችው።

«እትየ አየሁሽ...» አለና አንገቱን አከከ። «እርስዎ እኮ ያውቃሉ ብዬ...»

«ክፈተው።»

ከፈተው። ከሁሉ አስቀድሞ የገረማት የድምፅዋ ቅጥነት ነው። ድምፅዋን በሕይወቷ ሙሉ ከውስጥ ስትሰማው ወፍራም ነበር። ከኮምፒውተሩ ጎን ካለችው ትንሽ ሣጥን የሚወጣው ግን የልጃገረድ ይመስላል፤ ይንቀጠቀጣል። ምስሉ የፍየል ነው፤ የሷው ቀይ ፍየል፣ በግቢው አጥር ላይ አንገቷን አስግጋ። «ይድረስ ለውድ ልጄ ለንብረት ይርዳው። ዛሬ የካቲት አራት ቀን ሁለት ሺህ አስር ዓመተ ምሕረት ነው። ራስህ እንዴት ናት?» አለ ድምፁ። ከዚያ እሷ ለንብረት መልስ የተወችው ዝምታ ሊመጣ ይገባ ነበር። በዝምታው ፋንታ ፍየል ጮኸች። ከፍየሏ በኋላ የራሷ ድምፅ «እሰይ» አለ፤ ብዙ ሰው ሳቀ። ሳቁ የማን እንደሆነ ለይኩንን ስትጠይቀው ሳቅ ለብቻው እንደሚገኝና እንደሚጨመር ነገራት። «ትከሻህስ እንዴት ናት?» ፍየል። «እሰይ።» ሳቅ። ለይኩን ራሱ በዚህ ጊዜ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል፤ ሳቁ እየመጣበት እንደሆነ አየችና አልፈረደችበትም። ያስቃል። ሌላ ሴት ብትሆን እሷም ትስቅ ነበር።

«እንዲህ ያለው ስንት አለ?»

«አርባ ሦስት።»

«የመጨረሻው የትኛው ነው?»

የመጨረሻውን ከፈተላት። ያለፈው እሑድ ነው። ሰው ደግ ሆኗል ልጄ የሚለውም አለበት። ለመስቀል እመጣለሁ ብለህ የላክልኝን ወንጌል አንብባልኛለች፣ ቤቱን አስለስናለሁ፣ ፍየሏንም ብትሸጭ ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ የሚለውም አለበት። ለይኩን ሳይጠየቅ ዘጋውና፣ «ከእኔ ኮምፒውተር ልሰርዘው፤ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ» አለ።

«ካንተ ላይ ብትሰርዘው ከእነዚያ ልጆች ስልክ ላይ ይጠፋል?»

 አንድ ሹፌር ደጅ ቆሞ ካርድ ካርድ እያለ ይጣራል። አየሁሽ ተነሥታ ወንበሩን ወደነበረበት መለሰችለት።

የባጃጁ ልጅ ሲያቆምላት እጇን አወዛውዛ አሳለፈችውና በእግሯ ሄደች። ትናንት የዘነበበት መረሬ አፈር እግሯን እየያዘ ጫማዋን ከባድ አድርጎታል። በመንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ሰላም አሏት፤ ለሦስቱም በራሷ ብቻ መለሰች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ የውጭው ክፍል ውስጥ ሁለት የገመድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ አለ። ወንጌል አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ እግሯን ወደ ላይ አጣጥፋ፣ ስልኳን እያየች ብቻዋን ትስቃለች። በማኔጅመንት ተመርቃ ከዩኒቨርስቲ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ማስታወቂያ ወጣ ሲሏት ጎንደር ድረስ እየሄደች ትመለሳለች። ከዚህ በቀር ያላት ያ ስልክ ነው። የሰው ቀልድ ትለቅማለች፣ ታነባለች፣ ለጓደኞቿ ትልካለች፤ በዚያ ቤት ይርዳው ከሞተና ንብረት ከሄደ ወዲህ ሳቅ የተሰማው ከወንጌል ብቻ ነው። አየሁሽ አንዳንዴ «ምን ያስቅሻል?» ትላት ነበር። «አንች አይገባሽም እማየ» ትላታለች።

አየሁሽ ጫማዋን ደጅ አወለቀች። ከጋኑ ውኃ ቀድታ ጠጣች። ከልጇ ትይዩ ባለው አልጋ ላይ ተቀመጠችና፣ «ንብረት ለመስቀል እመጣለሁ ያለውን እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» አለች።

«አሁን?»

«አሁን።»

ወንጌል ተነሥታ ቁጭ አለች። ስልኩን ትንሽ ነካካችና፣ «‹እማየ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል። ለመስቀል እመጣለሁ፣ አታስቢ›» ብላ አነበበች። ስታነብ ዓይኗ ስልኩ ላይ አልነበረም፤ የእናቷን እጅ ያያል።

«የሱ ፎቶ ያለበትን አሳይኝ። ሲጽፍልሽ ከጎኑ የምትታየውን፤ ያችን ቀይ ሸሚዝ የለበሰባትን።»

ወንጌል ስልኩን አልዘረጋችም። አየሁሽ ተነሥታ ከእጇ ወሰደችው፤ ወንጌልም ለቀቀችላት፣ ጣቷን ግን አንድ ቦታ ላይ ነክታ ያን ገጽ ከፈተችላት። ቀይ ሸሚዝ የለም። ፎቶው በነበረበት ክብ ውስጥ ፊት የሌለው ግራጫ ራስ አለ፤ ከሥሩ እሷ የላከቻቸው ድምፆች የሉም፤ ከእሱም ምንም የለም። ባዶ ነው።

«ከለይኩን ሱቅ ነው የመጣሁት» አለች አየሁሽ።

ወንጌል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ የተናገረችው ሁሉ ከእጇ ሥር ነው የወጣው፤ እየቆራረጠች፣ ከመሐሉ እየጀመረች። መጀመሪያ አንዱን ለዶርም ጓደኞቿ ብቻ ነበር የላከችው። እነሱ ለሌላ ላኩ፤ በማግስቱ አራት ሺህ ሰው ተቀባበለው። ‹ይድረስ ለልጄ› የሚለውን የፌስቡክ ገጽ ከፈተች። አሁን ስልሳ አንድ ሺህ ሰው ይከተለዋል። የነጎድጓዱን ስታወጣ በጣም አሰበችበት፤ ፍየል እንኳ ሳታስገባ ዝምታውን እንዳለ ተወችው፤ ግን ከሁሉ የተወደደው እሱ ሆነ። ንብረት ጋ የደረሰው በሚያዝያ ነው። አብረውት የሚያድሩት ስድስቱ ልጆች ሰምተውት ነጎድጓድ ብለው ስም አወጡለት፤ ጋራዡም ድረስ በዚያ ስም ይጠሩታል። ደውሎ ጮኸባት። አውርጂው አላት።

«አንችስ ምን አልሽው?»

ወንጌል እጇን ከፊቷ አወረደች። «እማ ታውቃለች፣ ደስ ብሏታል አልኩት። እንዲተወኝ ብዬ ነው። ‹እሷ ካወቀች እንግዲህ ምን እላለሁ› አለና ዘጋብኝ። ቁጥሩን ቀየረ።»

አየሁሽ ሚያዝያን፣ ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን በልቧ ሄደችባቸው። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ወንጌል ንብረት እንዲህ አለ ትላታለች፤ እሷ ላለው ነገር በሰላምታ ትመልሳለች፤ ወንጌል ጣቷን ታነሣና ሄደ ትላለች። ወገቤን አመም አድርጎኛል ብሏል ስትላት ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራ፣ በማግስቱ ቅባኑግ አሙቆ ማሸት እንደሚረዳ ልካለታለች። ያንን ወገብ ያሳመመችው ወንጌል ናት። አራት ወር ሙሉ ስታወራ የከረመችው ከልጇ ጋር መሆኑ እውነት ነው፤ ልጇ ግን ይህች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ትሪ የምትበላው ነበረች።

«ሰው እየሳቀብሽ አይደለም እማየ» አለች ወንጌል። «ይወድሻል። እናቴ ሞታብኝ አንችን እየሰማሁ ነው የምተኛው የሚል አለ። ላንብብልሽ? ከአረብ አገር ሆነው...»

«እነሱን አላውቃቸውም።»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«የነገርኩት ለእሱ ነው።»

 ወንጌል ወደ ደጁ እያየች፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሁሉ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ስልኩን እየያዝኩልሽ ሁሉንም እሰማዋለሁ» አለች። «ራሱ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ። የፍየሏ ሰላምታ እንኳ ለእሱ ነው። ከመጣሁ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አንች ራስሽስ እንዴት ናት ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አየሁሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስትሄድ ለወንጌል የምትላቸው ነገሮች መጡላት፤ ውኃ ቅጂ፣ በሩን ዝጊ፣ ምሳሽን ብዪ። ሌላ ፈለገች። የተናገረችው ልጅ እንባዋን እየጠረገች ትጠብቃታለች። ለዚህ መልስ ነበረባት፤ ይህንንም አወቀችው። ዛሬ ግን ከእሷ የሚወጣ ደግ ቃል አልነበረም፤ ቢወጣም ይቺው ልጅ ምን እንደምታደርግበት እርግጠኛ አልሆነችም። ቀና ብላ ያየችው የወንጌልን ፊት ሳይሆን ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ስልክ ነበር።

«አዲሱን ቁጥር ታውቂዋለሽ?» አለች።

ወንጌል ከጓደኛው ለምና አግኝታዋለች፤ ደውላ ግን አታውቅም። አየሁሽ ከመቀነቷ የራሷን ስልክ አወጣች። ባለ ቁልፍ ናት፤ ከገላባት ነጋዴዎች ጋር የምትገናኝበት የሱዳን ሲም አለባት። ፊደል ባታውቅም ቁጥር የነጋዴ ነው፤ ወንጌል እየጠራችላት አንድ በአንድ ራሷ ተጫነች። ከዚያ፣ «ስልክሽን ይዘሽ ውጭ» አለቻት።

«እማየ፣ እኔ አልቀዳም...»

«ውጭ።»

ወንጌል ወጣች። አየሁሽ በሩን ዘጋችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ የዚያንም በር ዘጋች። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ወደ ግድግዳው ዞረች። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ። ማን ልበል?»

ድምፁ ወፍሯል። ከኋላው የብዙ ወንዶች ወሬና የብረት ድምፅ ይሰማል። በዚህች ደቂቃ የምትለውን ከለይኩን ሱቅ ጀምሮ ስታዘጋጅ መጥታለች፤ ብዙ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ማን እኔ?»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። በምን እንደሳቀ አታውቅም፤ በራሳቸው ነገር ይሆናል። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እጇን በአፏና በስልኩ ዙሪያ እንደ ግድግዳ ከበበች። «እናትህ።»

ወሬው እየራቀ ሄደ። በር ሲዘጋ ሰማች፤ ወጥቶ መሆን አለበት። መኪና በአጠገቡ አለፈ። «እማየ» አለ። ሌላ ነገር ሊጨምር መስሏት ጠበቀች። ቆየና፣ በዝግታ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ «እየቀዳችሁኝ ነው?» አላት።

«አይደለም። አላውቅም ነበር ልጄ። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

 አመነኝ ወይስ አላመነኝም ብላ አዳመጠች። ራሱን ልትጠይቀው ፈለገች፤ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ መኪና ሥር ሲተኛ የሚቀዘቅዘውን ጀርባውን። እያንዳንዱ ቃል ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ያች የቀልዱ ፍየል በጆሮዋ ጮኸችበት። አንዱንም ሳትናገር ከንፈሯን ገጠመች።  ንብረትም ስልኩን አልዘጋም፤ ትንፋሹ ይሰማታል፣ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ እያለ። ሲሟ ውስጥ የነበረው ሒሳብ ጥቂት ነበር። አየሁሽ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሒሳቡ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ የልጇን ትንፋሽ ሰማች።